ስንዴው ሲወጣ በቦታው ምን ይግባ?

ባለፈው ዓመት የፋሲካ ዕለት ድፎው ተባርኮ ሲቆረስ የዘጠኝ ዓመቷ የእህቴ ልጅ እጇን ከዘረጋች በኋላ መልሳ ሰበሰበችው። ከሁለት ወር በፊት ሐኪሞች ሕመሟ ሴሊያክ የሚባለው መሆኑን፣ ስንዴና ገብስ፣ ከእነርሱም የሚዘጋጅ ነገር ሁሉ ለዕድሜ ልክ ከማዕዷ መውጣት እንዳለበት ለእህቴ ነግረዋት ስለነበር ልጅቱ ራሷ ነገሩን ከሁላችንም ቀድማ አስታወሰችው። አላለቀሰችም፤ ወደ እኔ ዞር ብላ «አክስቴ፣ ለእኔ የሚሆነውን ድፎ አንቺ ትጋግሪልኛለሽ?» ብላ ብቻ ጠየቀችኝ። እሺ አልኳት። ያን እሺ ለመፈጸም ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ባለችው ትንሽ ማድ ቤቴ ውስጥ ዓመት ሙሉ ዱቄት ስመዝን፣ ስጋግርና ስጥል ቆይቻለሁ። ይህን የምጽፈው ስንዴ መብላት ለማይችል ሰው የሚጋግሩ፣ ወይም የፉርኖ ዱቄት ዋጋ አልቀመስ ብሏቸው ሌላ እህል ለመቀላቀል የተገደዱ፣ ወይም በጾም ያለ እንቁላል ኬክ ለመሥራት የሚሞክሩ ሰዎች እኔ ያባከንኩትን እህል እንዳያባክኑ ብዬ ነው።

የመጀመሪያው ሙከራ ቀላል መስሎኝ ነበር። የእናቴን የድፎ አሠራር ወስጄ ስንዴ በነበረበት ቦታ በብርጭቆ ልክ ያንኑ ያህል ነጭ ጤፍ አስገባሁ። ሊጡ ገና ከመነሻው ሌላ ነገር ሆነ። የስንዴ ሊጥ እየታሸ ሲሄድ እየተለጠጠና እየለሰለሰ ከእጅ ይላቀቃል፤ ይህ ግን በትንሽ ውኃ እንደ እርጥብ አሸዋ ከጣቴ ሥር ይፈርስ፣ ውኃ ስጨምርበት ደግሞ እንደ ጭቃ ይጣበቅ ነበር። ኩፍ እንዲል ሸፍኜ አሳደርኩት። ጠዋት ስገልጠው ላዩ ልክ ውኃ የሸሸው የጣና ዳር ጭቃ እንደሚሰነጠቅ ተሰነጣጥቆ፣ እርሾው ሲያወጣ ያደረው አየርም በየስንጥቁ አምልጦ አገኘሁት። ጋግሬ ስቆርሰው ዳር ዳሩ እንደ ሸክላ ጠንክሯል፤ መሐሉ ግን ያልበሰለ ገንፎ ይመስላል። እናቴ አንዱን ቁራሽ በመዳፏ ላይ አገላብጣ ካየች በኋላ «ልጄ፣ ጤፍ እኮ በምጣድ ላይ የሚፈስ እንጂ የሚታሽ እህል አይደለም» አለችኝ።

እናቴ በአንድ ዓረፍተ ነገር የተናገረችውን ነገር እኔ ለመረዳት ብዙ ጊዜ ፈጅቶብኛል። በስንዴ ዱቄት ውስጥ ግላያዲንና ግሉቴኒን የሚባሉ ሁለት ፕሮቲኖች አሉ፤ ውኃ ሲነካቸውና በእጅ ሲታሹ እርስ በርስ ተያይዘው ግሉተን የሚባለውን ተለጣጭ መረብ ይሠራሉ። እርሾ የሚያወጣው አየር በዚህ መረብ ውስጥ ይታሰርና ዳቦውን ወደ ላይ ያነሣዋል፤ እሳቱ ደግሞ መረቡን አድርቆ እንደ ተነሣ ያስቀረዋል። ጤፍ፣ ዳጉሳ፣ በቆሎ፣ ሩዝና ማሽላ ይህን መረብ አይሠሩም። ስለዚህ ስንዴን በጤፍ እተካለሁ ስል የተካሁት ዱቄትን በዱቄት ብቻ ነበር፤ ስንዴው ይሠራው የነበረውን ሥራ ግን የሚሠራ ማንም አልነበረም። ከዚያ በኋላ አንድ ዱቄት ከማውጣቴ በፊት እዚህ ምግብ ውስጥ ሥራው ምን ነበር ብዬ መጠየቅ ጀመርኩ። በድፎ ውስጥ ሥራው አየር መያዝ ነው። በሾርባ ውስጥ ማወፈር ነው። በሚጠበስ ዓሣ ላይ ቅርፊት መሆን ነው። በጥፍጥፍ ሥጋ ውስጥ ደግሞ እንዳይበታተን መያዝ ነው። ለአራቱም የሚገባው ምትክ የተለያየ ነው፤ ለአንዱ የሠራው ለሌላው አይሠራም።

በብርጭቆ መለካትንም ያን ጊዜ ተውኩ። በእኔ ብርጭቆ የተሰፈረ የፉርኖ ዱቄት 125 ግራም ሲመዝን፣ በዚያው ብርጭቆ የተሰፈረ የሩዝ ዱቄት 155 ግራም ገደማ መዘነ። ልዩነቱ ጥቂት ይመስላል፤ አራት ብርጭቆ ላይ ሲደርስ ግን ከመቶ ግራም በላይ ትርፍ ዱቄት ማለት ነው፤ እሱም የሚፈልገውን ውኃ ሳያገኝ ኬኩን ያደርቀዋል። አነስተኛ የማድ ቤት ሚዛን መግዛት ከማንኛውም ልዩ ዱቄት በፊት ሊደረግ የሚገባው ወጪ ነው ብዬ አምናለሁ።

አየር የመያዙን ሥራ ማን ይሥራ ለሚለው ጥያቄ መልሱን ያገኘሁት ከጎረቤቴ ነው። የደምቢያ ተወላጅ የሆኑት እኚህ እናት ከሰማንያ ዓመት በላይ ናቸው፤ አሁንም እንጀራቸውን ራሳቸው ይጋግራሉ። አንድ ማለዳ ቡሆውን ለመጋገር ሲያዘጋጁ አጠገባቸው ተቀምጬ ነበር። ከቡሆው ላይ ያቀረረውን ቢጫ ውኃ ደፍተው፣ ከሥሩ አንድ ጣሳ የሚያህል ቀድተው፣ ውኃ እየፈላበት ወዳለ ድስት እየጨመሩ ሳያቋርጡ ያማስሉት ገቡ። መጀመሪያ ነጣ ብሎ እንደ አጥሚት ይንቦጫረቅ የነበረው ከጥቂት ደቂቃ በኋላ በድንገት ከበድ አለ፤ ቀለሙ ጠቆረ፣ ላዩ አብረቀረቀ፣ ማማሰያው ሲነሣም እንደ ማር እየተሳበ ወረደ። ለብ እስኪል አቀዝቅዘው ወደ ቡሆው መለሱት። «እማማ፣ አብሲት ባይገባበትስ?» አልኳቸው። «ምን ዐይን ሊኖረው ልጄ፤ አየሩን ማን ይያዝለት? ቂጣ ሆኖ ይቀራል» አሉኝ።

ይህን ድርጊት ከልጅነቴ ጀምሮ ሳየው ኖሬያለሁ፤ ትርጉሙ የገባኝ ግን በዚያ ማለዳ ነው። ጥሬ የጤፍ ዱቄት ውስጥ ያለው ስታርች፣ ማለትም ሲበስል የሚያወፍረው የእህሉ ንጥረ ነገር፣ በቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ እንደ ደቃቅ አሸዋ ተቀምጦ ይቆያል እንጂ ውኃውን አይዝም። ሙቀት ሲያገኝ ግን እያንዳንዷ ቅንጣት ውኃ ጠጥታ ታብጣለች፣ ትለሰልሳለች፣ ከጎረቤቷም ጋር ትጣበቃለች። አብሲት ማለት አስቀድሞ የበሰለ፣ የሚጣበቅና የሚሳብ ስታርች ማለት ነው፤ ወደ ጥሬው ቡሆ ሲመለስ ያወፍረዋል፣ እርሾው የሚያወጣው አየር ከማምለጡ በፊት ያዝ ያደርገዋል፣ ለእርሾውም ቀላል ምግብ ይሆንለታል። በሩቅ ምሥራቅ ያሉ ዳቦ ጋጋሪዎችም ከዱቄቱ ጥቂቱን በውኃ አብስለው ወደ ሊጡ የሚቀላቅሉበት ዘዴ እንዳላቸው በኋላ አነበብኩ። የእኛ እናቶች ግን ግሉተን በሌለው እህል ላይ ይህን አድርገው ሺህ ዐይን ያለው እንጀራ አውጥተዋል፤ በእኔ እምነት ይህ የአገራችን ማድ ቤት ካስገኛቸው ዕውቀቶች ሁሉ ትልቁ ነው።

ስለዚህ የልጅቱን ድፎ በአብሲት ጀመርኩት። ከዱቄቱ 50 ግራም ጤፍ ወስጄ በ250 ሚሊ ሊትር ውኃ በጥብጬ፣ በመካከለኛ እሳት ላይ እስኪሳብ አማስዬ፣ ለብ እስኪል አስቀመጥኩት። ሊጡ ለመጀመሪያ ጊዜ አየር ያዘ። ቢሆንም ከተጋገረ በኋላ ሲቆረስ ይፈረፈር ነበር፤ እሱን ያስተካከለልኝ ደግሞ ተልባ ነው።

ተልባን በጾም ቀን በፍትፍትና በመጠጥ መልክ የማያውቅ ሰው የለም። የተፈጨ ተልባ ውኃ ሲነካው ከፍሬው ቅርፊት የሚወጣው ልጋግ እንደ እንቁላል ነጭ ያያይዛል። አንድ የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ በሦስት የሾርባ ማንኪያ ውኃ ተበጥብጦ አሥር ደቂቃ ሲቆይ በኬክ ውስጥ አንድ እንቁላልን ይተካል፤ ይህ በጾም ለሚጋግር ሁሉ የሚሆን ነው። እኔ ለኬክ ያልተቆላውን እመርጣለሁ፤ የተቆላው መዓዛው ጠንካራ ስለሆነ ሌላውን ጣዕም ይሸፍነዋል። ነገር ግን ተልባ ማያያዝ እንጂ የእንቁላልን ያህል ማንሣት አይችልም፤ ሦስትና አራት እንቁላል የሚጠይቅ ለስላሳ ኬክ በተልባ ብቻ ሲሠራ ከባድና እርጥብ ሆኖ ይቀራል። የውጭ አገር የአሠራር መመሪያዎች ለዚህ ሥራ ዛንታን የሚባል ማጣበቂያ ያዝዛሉ፤ እኔ ግን በተልባ ሳላፍር ሥራዬን ጨርሻለሁ።

አብሽም ዘመዱ ነው። የአብሽ ዱቄት በውኃ ተዘፍዝፎ ካደረ በኋላ መራራው ውኃ ከላዩ ሲደፋና የቀረው በደንብ ሲመታ ነጭ አረፋ ሆኖ ይነሣል። ይህ አረፋ ኬክ ውስጥ ቢገባ ምሬቱ ይቀራል ብዬ ስለፈራሁ ለጣፋጭ ነገር አልተጠቀምኩበትም፤ በሾርባና በአትክልት ወጥ ላይ ግን ግማሽ የሻይ ማንኪያ ብቻ መረቁን አለስልሶ አንድ ያደርገዋል።

ወደ ማወፈሪያዎች ስመጣ በቅድሚያ መናገር የሚገባኝ በስም መመሳሰል የደረሰብኝን ነገር ነው። ለልጅቱ ልደት በወተትና በእንቁላል አስኳል የሚሠራ ክሬም ለማዘጋጀት ያገኘሁት መመሪያ ኮርን ፍላወር ይል ነበር። ቃሉን በቀጥታ ተርጉሜ ከወፍጮ ቤት የመጣ የበቆሎ ዱቄት አስገባሁ። ክሬሙ ቢጫ፣ ሻካራና የገንፎ ጣዕም ያለው ሆነ፤ በምላስ ላይም ደቃቅ ጠጠር ነበረው። መመሪያው የፈለገው ከበቆሎ ተለይቶ የወጣውን ነጭ ስታርች ነበር፤ በጣት ሲጫኑት እንደ በረዶ የሚንቀጫቀጨው፣ በሱቆች በካርቶን የሚሸጠው ማለት ነው። የበቆሎ ዱቄት ሙሉው እህል ተፈጭቶ የሚገኝ ሲሆን ፕሮቲኑንም ቅባቱንም ገለባውንም የያዘ ነው። ሁለቱ ከአንድ እህል ይምጡ እንጂ በድስት ውስጥ አይገናኙም።

ስታርቹ ከተገኘ በኋላ ሒሳቡ ቀላል ነው። ንጹሕ ስታርች የማወፈር ኃይሉ ከስንዴ ዱቄት እጥፍ ገደማ ስለሆነ መመሪያው ሁለት የሾርባ ማንኪያ የፉርኖ ዱቄት ሲል አንድ ማንኪያ ስታርች ይበቃል። በቀዝቃዛ ውኃ ካልተበጠበጠ በቀር ወደ ትኩስ ድስት መግባት የለበትም፤ ደረቁ ዱቄት ትኩስ ውኃ ሲነካው ላዩ ወዲያው ይበስልና ውስጡን ጥሬ አድርጎ ይዘጋዋል፤ ጓጎለ የምንለው ይህንን ነው። እዚህ ባሕር ዳር ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ94 ዲግሪ ገደማ ነው። የበቆሎ ስታርች ሙሉ ውፍረቱን የሚያገኘው ደግሞ ከዚሁ ሙቀት አቅራቢያ በመሆኑ፣ በባሕር ጠረፍ አገር የተጻፈ መመሪያ «መፍላት ሲጀምር አውርዱት» ሲል እኛ እየተንተከተከ አንድ ሁለት ደቂቃ ልንጨምርለት ይገባል። ይህ ጭማሪ ለእንቁላል ክሬም በተለይ ያስፈልጋል፤ በአስኳሉ ውስጥ ስታርችን የሚሰባብር ኢንዛይም ስላለ፣ በደንብ ሳይፈላ የወረደ ክሬም ማታ ወፍሮ አድሮ ጠዋት እንደ ወተት ቀጥኖ ይገኛል። እኔም ሁለት ጊዜ ደርሶብኛል፤ ሁለቱንም ጊዜ ጥፋቱን በስታርቹ ጥራት ላይ አላክኬ ነበር። ሎሚ የሚገባበት ከሆነ ደግሞ ኮምጣጣው የስታርቹን ኃይል ስለሚያደክም ከእሳት ከወረደ በኋላ ይጨመር።

የዚሁ ከፍታ ጉዳይ ኬክንም ይነካል። የአየሩ ግፊት አነስተኛ በመሆኑ ቤኪንግ ፓውደር የሚያወጣው አየር ቶሎ ይነፋል፤ ኬኩም ሳይበስል ተነሥቶ መሐሉ ይወድቃል። ከባሕር ጠረፍ መመሪያ ላይ የቤኪንግ ፓውደሩን ሩብ መቀነስና ፈሳሹን ሁለት ሦስት የሾርባ ማንኪያ መጨመር እዚህ ጥሩ ውጤት ሰጥቶኛል።

የበቆሎ ስታርች በማይገኝበት ወይም ዋጋው በሚወደድበት ጊዜ ቡላ አለ። ቡላ ከደቡብ አገራችን የሚመጣ፣ ከእንሰት የሚገኝ፣ በአብዛኛው ስታርች የሆነ ዱቄት ነው፤ ባሕር ዳርም ላይ አሁን በየሱፐርማርኬቱ ታሽጎ ይሸጣል። ሲበስል ከበቆሎ ስታርች ይልቅ ጠራ ያለና የሚሳብ ይሆናል፤ ለአጥሚት፣ ለፍራፍሬ ወጥ፣ ለዓሣ ሾርባ በጣም ይስማማል። ለክሬም ግን መሳቡ አይመችም፤ በማንኪያ ሲነሣ ክር ያወጣል። የድንች ስታርችም ጥሩ ነው፤ ብዙ ከፈላ መልሶ ይቀጥናል እንጂ።

የአገራችንን ወጥ በተመለከተ አስቀድሞ መታወቅ ያለበት ነገር የወጣችን ዋና ማወፈሪያ ዱቄት ሳይሆን ሽንኩርት መሆኑ ነው። ደቅቆ የተከተፈ ሽንኩርት ያለ ውኃ ቀስ ብሎ ሲቁላላ ሟሙቶ ቁሌቱን ያወፍረዋል። ሽንኩርት ሲወደድ ግማሹን ቀንሶ በዱቄት ለማካካስ የሚሞክሩ ሰዎችን አውቃለሁ፤ እኔም ሞክሬዋለሁ፤ ወጡ ይወፍራል፣ ነገር ግን የሊጥ ጣዕም ይኖረዋል፣ ሲቀዘቅዝም ይረጋል። የተሻለው ጥሬ ድንች በደቃቁ ፈቅፍቆ ከሽንኩርቱ ጋር አብሮ ማቁላላት፣ ወይም ወጡ ሊወርድ ሲል አንድ ማንኪያ ሽሮ በቀዝቃዛ ውኃ በጥብጦ መጨመር ነው። ሽሮ የተቆላ ጥራጥሬ በመሆኑ የጥሬነት ጣዕም አያመጣም። እዚህ ላይ ግን ብዙዎች የማያስተውሉት ነገር አለ፤ እህል በተቆላ መጠን የማወፈር ኃይሉ ይቀንሳል፤ ሙቀቱ ስታርቹን ስለሚሰባብረው ነው። በሶ በቀዝቃዛ ውኃ ተበጥብጦ የሚጠጣው፣ ጥሬው የገብስ ዱቄት ግን በእሳት ላይ ድንጋይ የሚያህል ገንፎ የሚሆነው በከፊል ለዚህ ነው። በደንብ የተቆላ ዱቄት በጥሬው ምትክ ሲገባ መጠኑ መጨመር አለበት።

ሽሮን ካነሣሁ ስለ ጓያ ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ጓያ ርካሽ ነው፣ በጣና ዙሪያ ባለው ጥቁር አፈር በደንብ ይበቅላል፣ ዱቄቱም ከሽምብራ ያላነሰ ያወፍራል፤ ስለዚህ ኑሮ ሲከብድ የመጀመሪያው የሽሮ ምትክ እሱ ይሆናል። ነገር ግን ለረጅም ጊዜ ዋና ምግብ ሲሆን እግርን ሽባ የሚያደርግ መርዝ በውስጡ አለው፤ የደረሰው ጉዳትም አይመለስም። በ1969 ዓ.ም. ገደማ በደምቢያና በፎገራ ብዙ ሰው የተጎዳው በዚህ ነው፤ ጎረቤቴ እማማ ያን ጊዜ በምርኩዝ መሄድ የጀመሩ ወጣቶችን በዐይናቸው አይተዋል። ዘፍዝፎና ቀቅሎ ውኃውን መድፋት መርዙን ይቀንሰዋል እንጂ ጨርሶ አያጠፋውም። ለቁጠባ ሲባል ሌላ ማንኛውንም ምትክ እመክራለሁ፤ ባቄላ፣ አተር፣ ምስር። ጓያን ግን የቤት የዘወትር ሽሮ አድርጉ ብዬ ለማንም አልናገርም።

ሩዝ ለፎገራ ሜዳ የቆየ እህል አይደለም፤ በእናቴ ዕድሜ መጥቶ የተስፋፋ ነው። ዛሬ ከባሕር ዳር ወደ ወረታ በሚወስደው መንገድ በክረምት ወራት ግራና ቀኙ ውኃ የተኛበት የሩዝ ማሳ ነው፤ ኤክስ-ጅግና የሚባለውን ዝርያም ገበሬው ሁሉ ያውቀዋል። የተሰባበረው ሩዝ ከሙሉው ስለሚረክስ ለዱቄት የምገዛው እሱን ነው። የሩዝ ዱቄት ነጭ፣ ጣዕሙ የማይጫን፣ ለልጅቱም የሚስማማ በመሆኑ የድፎዋ መሠረት አደረግሁት። ሁለት ጠባይ ግን አለው። አንደኛው ሻካራነቱ ነው፤ በጥሩ ወንፊት ተነፍቶ፣ ሊጡ ከመጋገሩ በፊት ግማሽ ሰዓት ያህል ውኃውን እንዲጠጣ ካልተተወ በጥርስ ሥር ይንቀጫቀጫል። ሁለተኛው ሲቀዘቅዝ መድረቁ ነው። የጤፍ ዋጋ ሲንር በከተማችን ብዙ ቤት ሩዝ ከጤፍ ጋር ይቀላቅላል፤ ሩቡ ሩዝ ሲሆን እንጀራው ነጣ ብሎ ያምራል፤ ግማሽ ሲደርስ ግን በዕለቱ ለስላሳ የነበረው በማግሥቱ ሲጠቀለል ይሰነጠቃል። የበሰለ የሩዝ ስታርች ሲቀዘቅዝ መልሶ ስለሚጠነክር ነው።

ይኸው ጠባዩ ዓሣ ላይ በረከት ይሆናል። የጣናን ቆሮሶ እኛ ቤት በሩዝ ዱቄት መጥበስ ከጀመርን ወዲህ ስንዴ መብላት የሚችሉትም ወደ ፉርኖው አልተመለሱም። ዓሣው ታጥቦ በጨርቅ በደንብ ይደርቃል፣ ጨውና ሚጥሚጣ ይታሻል፣ ከዚያም ሦስት እጅ የሩዝ ዱቄትና አንድ እጅ ጥሬ የሽምብራ ዱቄት ይነሰነስበታል። ሽምብራው ቀለሙን ወርቃማ ያደርገዋል፣ ዱቄቱንም ከዓሣው ጋር ያጣብቀዋል፤ ሩዙ ደግሞ ግሉተን ስለሌለው ሳይለሰልስ ቀጭንና የሚሰበር ቅርፊት ይሆናል። ዘይቱ በደንብ ሳይግል መግባት የለበትም።

ዳጉሳን ለጣዕሙ እወደዋለሁ። ለጠላና ለአረቄ ብቻ የተፈጠረ አድርጎ የሚያስበው ሰው ብዙ ነው፤ ነገር ግን በዳቦ ውስጥ ጠቆር ያለ ቀለምና የተቆላ እህል መዓዛ ይሰጣል። ስንዴ መብላት የሚችል ሰው ከድፎው ዱቄት አንድ አምስተኛውን በዳጉሳ ቢተካ የስንዴው መረብ ሸክሙን ሳይከብደው ይሸከመዋል፤ ከሩብ ሲያልፍ ዳቦው ዝቅ ማለት ይጀምራል። በደረቅ ብስኩት ላይ መነሣት ስለማያስፈልግ ግማሹም ሙሉውም ዳጉሳ ሊሆን ይችላል።

ለልጅቱ ግን ከሁሉ የከበደው ነገር የዱቄቱ ምርጫ ሳይሆን ወፍጮው ነበር። ጤፉ ንጹሕ ቢሆንም ስንዴና ገብስ ሲፈጭበት በዋለ ወፍጮ ውስጥ ካለፈ ከድንጋዩና ከአፉ ላይ የቀረውን ይዞ ይወጣል፤ ለእሷ ደግሞ ጥቂቱም ይጎዳታል። በመጀመሪያ ከባለ ወፍጮው ጋር ተስማምተን ድንጋዩ በተጠረገበት ማለዳ ቀድመን እየሄድን፣ መጀመሪያ የወጣውን ጥቂት ኪሎ ለእናቴ ቤት እየለየን ነበር። ሕመሟ ጨርሶ ሳይተዋት ሲቀር እህቴ ለልጅቱ ብቻ የሚሆን ትንሽ የኤሌክትሪክ መፍጫ ገዛች፤ እህሉን ከቅዳሜ ገበያ በፍሬው እንገዛለን፣ በሰፌድ ላይ አንድ በአንድ እንለቅማለን፣ በቤት እንፈጫለን። በጎጃም እንግዶ የምንለውን አጃም ለዚህ ምክንያት ትተነዋል፤ ከማሳው ጀምሮ ከገብስ ጋር ተቀላቅሎ ይመጣል። የተፈጨ ሽሮም ከገበያ ለእሷ አይገዛም።

አሁን የምጋግርላት ድፎ ይህ ነው። 200 ግራም የሩዝ፣ 150 ግራም የነጭ ጤፍ፣ 100 ግራም ቡላ፣ 50 ግራም የዳጉሳ ዱቄት፤ ከጤፉ 50 ግራሙ ከላይ እንደ ገለጽኩት በ250 ሚሊ ሊትር ውኃ አብሲት ይሆናል። ሁለት የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ በስድስት ማንኪያ ውኃ፣ አንድ ማንኪያ ማር፣ ሦስት ማንኪያ ዘይት፣ አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ሁለት የሻይ ማንኪያ ደረቅ እርሾ፣ ጥቁር አዝሙድ እንደ ፍላጎት፣ ከዚያ ለብ ያለ ውኃ ከ200 ሚሊ ሊትር ጀምሮ ሊጡ በማንኪያ የሚገፋ ወፍራም ቡሆ እስኪሆን ድረስ። አይታሽም፤ ይመታል። ኮባ ቅጠል በተነጠፈበት መጋገሪያ ውስጥ ተገልብጦ፣ ላዩ በእርጥብ እጅ ተስተካክሎ፣ ሙቅ ቦታ ላይ ከ40 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ይቆያል። እንደ ስንዴ እጥፍ እስኪሆን መጠበቅ አያስፈልግም፤ ላዩ ላይ መርፌ የሚያስገባ የሚያህሉ ትናንሽ ቀዳዳዎች መታየት ሲጀምሩ ጊዜው ደርሷል፤ ከዚያ ካለፈ ይወድቃል። በ200 ዲግሪ ኦቨን 50 ደቂቃ ያህል ይበስላል። ቅጠሉ ጥሩ መዓዛ ስለሚያወጣ የመቁረስ ፈተናው ከባድ ነው፤ ቢሆንም ፈጽሞ ሳይቀዘቅዝ ከተቆረሰ ውስጡ ያልበሰለ ይመስል ቢላዋ ላይ ይጣበቃል።

በሁለተኛው ቀን ሩዙ መድረቅ ስለሚጀምር ቁራሹን በሚፈላ ድስት አፍ ላይ በወንፊት አድርጌ ለሦስት ደቂቃ በእንፋሎት አሞቀዋለሁ፤ እንደ ገና ይለሰልሳል። በዘንድሮው ፋሲካ ሁለት ድፎ ነበር የቀረበው፤ የእሷ አነስ ያለው፣ ጠቆር ያለው፣ ለብቻው በሰፌድ ላይ የራሱ ቢላዋ አጠገቡ ተቀምጦለት። አያቷ የሁለተኛውን ቀን ቁራሽ በእንፋሎት አሙቃ ማር ቀብታ ስትሰጣት ልጅቱ ግማሹን ቆርሳ መልሳ አጎረሰቻት።